በሩ ሲዘጋ፦ መምህራን ክፍል ውስጥ ምን ይገጥማቸዋል? እንዴትስ እናግዛቸው?

[ምስል፦ ባዶ ኮሪደር። ደወል ይሰማል። የአንድ ክፍል በር ይዘጋል።]

ደወል ተደወለ። መምህሯ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ከዚህ በኋላ ለ40 ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ያለችው ትልቅ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሐኪም ግራ ሲገባው የሥራ ባልደረባውን ይጠይቃል። መካኒክ ሞተሩ አልገባው ካለ ሌላ መካኒክ ይጠራል። መምህር ግን 50 ልጆች አፍጠው እያዩት "ቆዩኝማ፣ ሰው አማክሬ ልምጣ" ብሎ መውጣት አይችልም። እዚያው መወሰን አለበት።

የመምህራን ችግር ሲነሳ ስለ ረባሽ ተማሪ፣ ስለ ክፍል መጣበብ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት እናወራለን። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው ይህን ሁሉ ብቻ መሸከሙ ነው እላለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ስለዚያ የተዘጋ በር የማወራችሁ።

[ምስል፦ ክፍሉ ከመምህሯ ቦታ ሲታይ።]

እስቲ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቀረብ ብለን እንያቸው። ስም እየጠራች ነው። ከኋላ ወንበር ይጎተታል። አንዷ "ቲቸር፣ እስክሪብቶዬን ወሰደብኝ!" ትላለች። ያረፈዱ ሁለት ልጆች በር ያንኳኳሉ። ትናንት የቀረው ልጅ ደብተሩን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ሰሌዳው ገና አልጠፋም።

ያረፈዱትን ታስገባ ወይስ ታቁም? የእስክሪብቶው ጉዳይ አሁን ይጣራ ወይስ በኋላ? የቀረውን ልጅ ማን ያስረዳው? ትምህርቱ ሳይጀመር እሷ ስንት ነገር ወስናለች። በዚያ ላይ በቀን አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ አለ። ማታ ቤቷ ገብታ "እራት ምን ይሁን?" ስትባል መልስ ቢያጥራት አይግረማችሁ።

ድምጿስ? የዓለም ጤና ድርጅት በትምህርት ሰዓት የክፍል ውስጥ የጀርባ ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ በጣም ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ሰዎች በተለመደው ሁኔታ ሲያወሩ 60 ገደማ ይደርሳል። መስኮቱ ወደ መንገድ የተከፈተ ክፍል ውስጥ መምህሩ ቀኑን ሙሉ ከጫጫታው በላይ እየጮኸ ነው የሚውለው። የጉሮሮና የድምፅ ሕመም ከመምህርነት ጋር አብሮ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ረብሻው እንምጣ። ብዙ ሰው ጥሩ መምህር ማለት ኮስተር ያለ፣ ሲቆጣ የሚያስፈራ ይመስለዋል። ጃኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ለማጣራት ክፍሎችን በቪዲዮ እየቀረጸ አጥንቷል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሥርዓት ያላቸው ክፍሎች መምህራንና የሚታወኩ ክፍሎች መምህራን በቁጣቸው ብዙም አልተለያዩም። የተለያዩት ከረብሻው በፊት በሚያደርጉት ነገር ነበር። የተሳካላቸው መምህራን ሰሌዳ ላይ እየጻፉ እንኳ ኋላ ያለውን ያውቃሉ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲያልፉ ልጆቹን ሥራ አያስፈቱም።

ይህ ለአዲስ መምህር ትልቅ እፎይታ ነው። ቁጣ መለማመድ የለበትም ማለት ነው። ተማሪዎቹ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ጥያቄ ይጠብቃቸው። ደብተር አውጥተው ወዲያው ይጀምሩ። ያኔ ስም መጥራቱም፣ ያረፈዱትን ማስገባቱም ክፍሉ ሥራ ላይ እያለ ያልፋል።

[ምስል፦ አራተኛው ረድፍ። አንድ ልጅ መጽሐፉን ገልጧል፤ ዓይኑ ግን ጎረቤቱ ላይ ነው።]

ይህን ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ በመጻፍ ብቻ አታገኙትም። ልብ ብላችሁ እዩት። ተራ በተራ ጮክ ብለው እያነበቡ ነው። ተራው ሊደርስ ሁለት ልጅ ቀርቶታል። ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰም አደረገው። ጎረቤቱ ጮኸ። መምህሯ ዞረች። "ውጣ!" ወጣ።

ምን እንደተፈጠረ አያችሁ? ልጁ ማንበብ አይችልም። በጓደኞቹ ፊት ከሚያፍር በረባሽነት መባረርን መረጠ። ረብሻው ተመዘገበ፤ ማንበብ አለመቻሉ ግን ሳይታወቅ አለፈ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ይሆናል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። መምህሯ ጨካኝ ስለሆነች አይደለም ያባረረችው። ከሌሎቹ 49 ልጆች ጋር ትምህርቱን ማስኬድ አለባት። መጽሐፉ የስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ግን የሁለተኛ ክፍል ንባብ ላይ ናቸው። ለማን ታስተምር?

ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ለዚህ ቀለል ያለ መንገድ አሳይቷል። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠርተው ያስነብቡታል። ፊደል፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ አጭር አንቀጽ፣ ከዚያ ታሪክ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ከዚያ ከቀኑ የተወሰነውን ሰዓት ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው ቡድን ሠርተው ያስተምሯቸዋል። ፊደል ላይ ያለው ከፊደል ይጀምራል።

ግን ይህን ብቻውን የሚሠራ መምህር ይደክማል። ልጁን ለብቻ ለማስነበብ ሌሎቹን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ረዳት መምህር፣ ባልደረባ፣ አንዳንዴም ራሱ ርዕሰ መምህሩ። "የተማሪዎችህን ደረጃ ለይ" ብሎ ደብዳቤ መጻፍ እገዛ አይባልም። ለአንድ ሰዓት መጥቶ ክፍሉን መያዝ ግን እገዛ ነው።

እርማትንም እንዲሁ አስቡት። አንድ ደብተር ለማረም 3 ደቂቃ ቢወስድ 50 ደብተር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አራት ክፍል ለሚያስተምር ደግሞ 10 ሰዓት። ያውም ለአንድ የቤት ሥራ። በዚህ ላይ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ውጤት መሙላት አለ። አንድ ርዕሰ መምህር ለመምህራን ውለታ መዋል ከፈለገ መጀመሪያ የወረቀቱን ክምር ይመርምር። ማንም የማያነበው ሪፖርት ካለ ይቅር።

[ምስል፦ ሰዓት። የሰከንድ ቆጣሪው ብቻ ይታያል።]

ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ላንሳ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ የክፍል ውስጥ ድምፅ ቀርጻ አዳመጠች። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ ወይ ራሳቸው ይመልሳሉ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ። "አላውቅም" የሚለው ቀነሰ። ዝም የሚሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ።

እስቲ አብረን እንቆጥር። አንድ... ሁለት... ሦስት።

ረዘመባችሁ አይደል? ዝምታው ክፍል ውስጥ ቆሞ ላለ ሰው ደግሞ የባሰ ይረዝማል። አንድ ሰከንድ ብቻ እንደጠበቁ ለራስ አይታወቅም። ያየ ሰው ሊነግራችሁ ይገባል። በሩ ተዘግቶ ከዋለ ማን ያያል?

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዓለም ተጨማሪ 44 ሚሊዮን መምህራን እንደሚያስፈልጓት ገምቷል። ከዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙያውን ትተው የሚሄዱትን ለመተካት ነው። ስለዚህ አዲስ ከመቅጠር እኩል ያሉትን ማቆየት ያስፈልጋል። በተለይ ጀማሪዎችን። በብዙ ቦታ ነባሮቹ የሸሹት ክፍል ለአዲሱ ይሰጠዋል። ይሄ በፍጹም ልክ አይደለም። ጀማሪ ቀለል ያለ ክፍልና ጎኑ የሚቆም አንድ ነባር መምህር ይገባዋል።

ወላጆችም ብትሆኑ የምታደርጉት አለ። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የምንሄደው ስንጠራ ወይ ስንናደድ ነው። ልጃችሁ ቤት ገብቶ የተማረውን በደስታ ካወራ ያንኑ ለመምህሩ በሁለት መስመር ጻፉለት።

[ምስል፦ ሦስት መምህራን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ።]

በሩን ለመክፈት ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩበት መንገድ አላቸው። መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው ተማሪዎቹን ያያሉ። ከዚያ ይወያያሉ፣ ዕቅዱንም ያስተካክላሉ። የሚገመገመው ትምህርቱ እንጂ ሰውየው አይደለም። ታዛቢ ነጥብ ሊሰጥ ከመጣ መምህሩ ጭንቀት ውስጥ ይገባል፤ የሚያሳየውም የተለማመደውን ብቻ ይሆናል።

ወደ መምህሯ እንመለስ። አሁን ክፍሏ ውስጥ አንድ ባልደረባዋ ከኋላ ተቀምጧል። ራሷ ናት የጋበዘችው። "ማንን እንደምጠይቅ ብቻ ቁጠርልኝ" አለችው። ሌላ አስተያየት አልፈለገችም።

ደወል ሲደወል አንድ ወረቀት ሰጣት። የክፍሉን ወንበሮች ስሏል። ለተጠየቀ ልጅ ሁሉ ነጥብ አድርጓል። የፊት ረድፉ በነጥብ ተሞልቷል። በመስኮቱ በኩል፣ ከአራተኛው ረድፍ ጀምሮ እስከ ኋላ አንድም ነጥብ የለም። ያ ልጅ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ወረቀቱን አጥፋ የነገው ዕቅዷ ውስጥ ከተተችው።

[ምስል፦ የክፍሉ በር፣ ገርበብ ብሎ።]