መጋዝ ከመድረሱ በፊት

የተከበራችሁ የደብረ ሲናና የአንኮበር አባቶችና እናቶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ወፍ ዋሻ ጫካችንን በጥቂት ሳምንት ስለ ማጥናት ከማውራቴ በፊት፣ ዘዴው ወደተጀመረበት ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ቦሊቪያ አንዴ ደርሰን እንምጣ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1990 ጥቂት ባለሙያዎች አልቶ ማዲዲ የሚባል ጥቅጥቅ ጫካ ገቡ። ቴድ ፓርከር የወፍ ሰው ነው። አል ጄንትሪና ሮቢን ፎስተር የዕፅዋት፣ ሉዊዝ ኤመንስ የአጥቢ እንስሳት። ሐሳቡ የመጣው፣ ይገርማችኋል፣ ከፊዚክሱ የኖቤል ተሸላሚ ከመሬይ ጌልማን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ጫካ አጥንቶ መጨረስ ዕድሜ ይፈጃል። መጋዝ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ አንቱ የተባሉ ጥቂት ባለሙያዎች ለጥቂት ሳምንታት ይገባሉ። ያዩትን ይመዘግባሉ። ሪፖርቱ ሳይውል ሳያድር ውሳኔ ሰጪው እጅ ይገባል። ማዲዲ በ1995 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ስፋቱ ወደ 19 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ጥናት ብቻ ሆነ አልልም፤ ግን ለክርክሩ የሚጨበጥ ነገር ሰጥቷል።

ፓርከር ጎህ ሳይቀድ የድምፅ መቅጃውን ከፍቶ ጫካውን ያዳምጥ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የወፍ ዝርያዎችን በድምፃቸው ብቻ ይለያል። ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ከሚታየው ወፍ የሚሰማው ይበልጣላ! እሱና ጄንትሪ በ1993 ኢኳዶር ውስጥ ጫካ ከአየር ሲቃኙ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሞቱ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወፍ ዋሻ እንደ አማዞን ቆላ አይደለም። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወደ ላይ ሲወጡ አስታ ያለበት የደጋ ጫካ ነው። ዘዴው ግን እዚህም ይሠራል፤ ጉድለቱም አብሮ ይመጣል።

የአንኮበር ሰሪንን እንውሰድ። ገደል አፋፍ ላይ የምትውል፣ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ትንሽ ወፍ ናት። ጣሊያናዊው አሳሽ አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው አረፈ። ወፏ ግን በሳይንስ ስም ያገኘችው በ1979 ነው። አፍንጫው ሥር እያለች! ዓመታት የተቀመጠ ሰው እንዲህ ካመለጠው፣ ለሦስት ሳምንት የሚመጣ ቡድን ስንቱን ይስታል? በዚያ ላይ ክረምት ከሆነ ጉሙ አለ።

ስለዚህ «አላየንም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ይህን ሪፖርቱ ላይ በጉልህ መጻፍ አለብን። አለዚያ «ምንም የለበትም» ብሎ ለሚቆርጠው ሰው ፈቃድ እንሰጠዋለን።

ለዚህ ነው እረኞቹን የምፈልገው። ጉሬዛ የት እንደሚያድር፣ ድኩላ በየትኛው ወር ወደ ማሳ እንደሚወርድ እነሱ ያውቃሉ። ይህን በሦስት ሳምንት የሚያውቅ ዶክተር የለም። የጓሳን ሣር ምድርም መንዞች በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ በጋራ በሚወስኑበት ባህላዊ ደንብ የጠበቁት ዝርዝር የያዘ ባለሙያ እስኪመጣላቸው ቆመው አይደለም። ቡድኑ ሲወጣ እረኞቹ መንገድ መሪ ብቻ አይሁኑ፤ የነገሩንም መዝገብ ውስጥ ይግባ፣ አበላቸውም እንደ ባለሙያ ይከፈል።

ከሻይ በኋላ ካርታውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ምንጮቹንና የከብት መንገዶቹን የምታመለክቱን እናንተ ናችሁ። እርሳስ አለ።