ገጽ 60 ላይ የተተወ መጽሐፍ

እንደምን ዋላችሁ አድማጮች፤ ከጅማ ነው። የዛሬው ወሬ «ምርጥ ነው» የተባለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጀምሮ ገጽ 60 ላይ ለሚተው ሰው ነው። ጥፋቱ የአንባቢው ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ እንዴት እንደተሠራ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የአይዛክ አሲሞቭን «ፋውንዴሽን» እንውሰድ። በ1951 በአንድ ጥራዝ ወጣ እንጂ ሲጻፍ አንድ ወጥ ታሪክ አልነበረም። ከ5ቱ ክፍሎች 4ቱ ከ1942 እስከ 1944 መጽሔት ላይ የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ብቻ ኋላ ለመጽሐፉ ተብሎ ተጻፈ። አንባቢው ሃሪ ሴልደን የሚባለውን የሒሳብ ሊቅ ገና ሲላመደው ክፍሉ ያልቅና 50 ዓመት ያልፋል። ሰውየው የለም፣ ሌላውም ሁሉ አዲስ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እንደቆመ ታሪክ ቁጭ ብላችሁ በአንዴ ጨርሱት። መሀል ላይ ካቋረጣችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚሟገት ይጠፋችኋል፤ ነገሩ ሁሉ የሚሄደው በንግግር ነውና። ይህን አድርጋችሁም ቅር ሊላችሁ ይችላል። ጎላ ብላ የምትናገር ሴት ለማግኘት እስከ መጨረሻው ክፍል መጠበቅ አለባችሁ። ይሄ የመጽሐፉ ድክመት ነው፤ በአንባቢ አይላከክም።

የፍራንክ ኸርበርት «ዱን»፣ የ1965ቱ፣ ችግሩ ሌላ ነው፤ ቃላቱ ይከብዳሉ። መፍቻቸው ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ በስልክ የሚያነብ ሰው መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ሳትጀምሩ እነዚያን ገጾች ስክሪንሾት አንሱ፤ ወደ ኋላ ወደ ፊት መመላለሱ ነው የሚያሰለቸው። ሁሉን ለመሸምደድ አትሞክሩ፣ ቃሉ ሦስቴ ሲመጣ ብቻ ፈልጉት። ደግሞ የጅማ አንባቢ ማንም ያልነገረው ብልጫ አለው። ማህዲ፣ ጂሃድ የሚሉት እዚህ ለማን ይከብዳሉ? «ሊሳን አል-ጋይብ» ሲል፣ ልሳን አማርኛችን ውስጥ አለ፤ ገይብን፣ ከሰው ዓይን የተሰወረውን ማለት ነው፣ ቁርኣን የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላ አገር ያለ አንባቢ መፍቻ የሚያገላብጥበትን እዚህ በጆሮ ብቻ ታልፉታላችሁ።

የአርተር ክላርክ «ራንዴቩ ዊዝ ራማ» የ1973 ነው። ራማ የምትባለው የጠፈር መርከብ ውስጥ ጠላት የለም፣ ፍልሚያ የለም፤ ማን እንደሠራትም ሳይነገር ያልቃል። ይህን ለጓደኛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ምንም አይበላሽበትም፣ የሚያስከፋው መልስ እየጠበቀ ማንበቡ ነው። መጽሐፉ ስለ ቦታው ነው። ራማ 50 ኪሎ ሜትር የምትረዝም ባዶ በርሜል ናት፤ ከጅማ አጋሮ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ትበልጣለች። በ4 ደቂቃ አንዴ ትሾራለች፤ ክብደት የሚሰጠው ይሄ ሹረት ነው። የውስጧ ስፋት 16 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስታሰሉት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወለሉ ላይ 34 ኪሎ ያህል ይሆናል። ደረጃውን ይዞ ወደ መሀል ሲወጣ እየቀለለ ሄዶ የምትሾርበት የመሀል መስመር፣ ዘንጉ ላይ ይንሳፈፋል። የደረጃውን ምዕራፍ ስታነቡ ወረቀት ላይ አንድ ክብ ሣሉና ራማን ሊያዩ የገቡት ሰዎች የት እንደደረሱ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።