በአንዲት እናት አልጋ ዙሪያ

የተከበራችሁ የጤና ሳይንስ መምህራን፣ ተማሪዎችና እንግዶች፤

ንግግሬን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ተረቱ ድሩ ካበረ በኋላ የሚሆነውን እንጂ እንዴት እንደሚያብር አይነግረንም። የእኛ ጭንቅ ደግሞ እዚያው ላይ ነው። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችን ለየብቻ አሳድገን፣ በተመረቁ ማግስት «ተባብራችሁ ሥሩ» እንላቸዋለን።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ተማሪ ማስተማር ከጀመርኩም ቆይቻለሁ። አንድ ጠዋት ቤታቸው ወድቀው የመጡ አንዲት እናት ከፊታችን ተኝተዋል። አራት ተማሪዎች በየተራ እየገቡ ጠየቋቸው። አራተኛዋ ስትገባ እናታችን ትዕግሥታቸው አለቀና «ይህን እኮ ለቅድሙ ልጅ ነግሬዋለሁ፤ እናንተ አትነጋገሩም?» አሉ።

አይነጋገሩም ነበር። የሕክምናው ተማሪ ልባቸውን አዳምጦ ጤናማ መሆኑን ጽፏል። የፋርማሲዋ ተማሪ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ከፍታ፣ ስማቸው የተለያየ ውስጣቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት የደም ግፊት መድኃኒቶች አግኝታለች፤ በሁለት ቦታ የታዘዙ ናቸው። የነርሲንጉ ተማሪ ደግሞ ሌሊት ለሽንት መነሳት ስለሚከብዳቸው ከሰዓት በኋላ ውኃ እንደማይጠጡ ሰምቷል። የፊዚዮቴራፒዋ ተማሪ ሲነሱ አልጋውን ጨብጠው ለአፍታ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ አይታለች። አራቱም በየደብተራቸው በትክክል ጽፈዋል። አራቱን ደብተር ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን አልነበረም።

አራቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥናቸው። ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። «ቆመው ተለክተዋል?» ብላ የጠየቀችው የፊዚዮቴራፒዋ ተማሪ ናት። አልተለኩም ነበር። ተኝተው ሲለኩ ደህና የነበረው የደም ግፊት፣ በተደረበው መድኃኒትና በውኃው ማነስ ሳቢያ፣ ሲቆሙ ተንሸራትቶ ወረደ። ያዞራቸው፣ የጣላቸውም ይኸው ነው።

ሙያ የተሻገረ ትምህርት ስንል ይህንን ማለታችን ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሙያዎች አብረው ሲማሩ፣ አንዱ ከሌላው ሲማር፣ አንዱ ስለ ሌላው ሲማር። እ.ኤ.አ. በ1987 በብሪታንያ የተቋቋመው የዘርፉ ማዕከል ያስፋፋው ትርጉም በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። ሦስት መቶ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ የአካል ክፍሎችን ትምህርት መስጠት ከሦስቱ አንዱን እንኳን በቅጡ አያሟላም፤ ወንበር መቆጠብ ነው። ይህን በትሕትና አልናገረውም፤ እንዲህ ያለውን አዳራሽ «የጋራ ትምህርት» ብሎ በሪፖርት ላይ የጻፈ ሰው ብዙ አይቻለሁና።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አብሮ መሥራትን አብሮ በመማር ስለማምጣት የሚያወሳ ሪፖርት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የተግባር ማዕቀፉን ደግሞ በ2010 አሳተመ። ስዊድን ውስጥ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ከዚያም ቀድሞ፣ በ1986፣ የጤና ተማሪዎቹን ከጅምሩ እያቀላቀለ ማስተማር ጀመረ። በ1996 ደግሞ ተማሪዎች በጋራ የሚያስተዳድሩት የሆስፒታል ዋርድ ከፈተ። አስተማሪዎች ከኋላ ሆነው ይቆጣጠራሉ፤ ታካሚውን አጥቦና አልብሶ፣ መድኃኒቱን አገናዝቦ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ተመካክሮ የሚወስነው ግን የተማሪዎቹ ቡድን ነው። የሕክምና ተማሪ ታካሚን ማጠብ ምን ያህል ጊዜና ጥበብ እንደሚጠይቅ በገዛ እጁ ካወቀ በኋላ፣ ነርሷ «ዛሬ ፊታቸው ልክ አይደለም» ስትል ቀና ብሎ ያዳምጣል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ስለ ማዳመጥ ካነሳሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ዝርዝር ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ለብዙዎች ልጅነት ይመስላል። ስሙን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ግን «ቆይ፣ ይህ ግራው እግር ነው» ለማለት አፉ ይፈታል። ዝርዝሩ በስምንት ከተሞች በተሞከረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። በካናዳዋ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎችን ያየና በ2014 የታተመ ጥናት ግን ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ዝርዝሩ ያው ነው። በእኔ ግምት የሚለየው ሰዎቹ ወረቀቱን ከልብ ይነጋገሩበታል ወይስ ምልክት አድርገው ያልፉታል የሚለው ነው። የመነጋገር ልምድ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ በመመሪያ አይገባም፤ በሃያ ዓመት በልምምድ ይገባል።

ማስረጃው ሁሉ ለእኛ ያደላል ብዬ አልሸጥላችሁም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ ስለዚህ ትምህርት የተሠሩ 15 ጥናቶችን መርምሮ በ7ቱ በጎ፣ በ4ቱ የተቀላቀለ ውጤት አገኘ፤ 4ቱ ምንም ለውጥ አላሳዩም። ጥናቶቹም አንዱ ከሌላው እጅግ የተለያዩ ነበሩ። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ዐውደ ጥናት አዘጋጅተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ተአምር መጠበቅ የለብንም።

እንቅፋቱስ? ሰዎች ስለ ሙያ ኩራት ያወራሉ፤ እሱም አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ ግን የጊዜ ሰሌዳ ነው። የፋርማሲ ተማሪዎች ማክሰኞ ላቦራቶሪ አላቸው፣ የነርሲንጎቹ ማክሰኞ ዋርድ ናቸው፣ የሕክምናዎቹ ፈተና ላይ ናቸው። በፈተና የማይጠየቅ ነገር ደግሞ ተማሪ ዘንድ ዋጋ የለውም፤ አልፈርድበትም። አብሮ መሥራት በነጥብ እስካልተመዘነ ድረስ ከምሳ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የምለምነው ጥቂት ነው። በየሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ አራቱም ክፍሎች የማይነኩት፣ አንድ ታካሚ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከሁለት ሙያ የመጡ ሁለት አስተማሪዎች። የአራቱን ክፍሎች ሰሌዳ በአንድ ወረቀት ላይ አሥፍሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ባዶ ሊሆን የሚችል ይመስለኛል። ሰሌዳ የምታወጡ ባልደረቦቼ ከሻይ በፊት በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ እጠብቃችኋለሁ፤ እርሳስና ላጲስ አለኝ።

አመሰግናለሁ።