ፈረሱ ላይ ያለው ጽሑፍ፦ በተማሪዎች የሥራ አውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር
ክቡራን ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ተማሪዎቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ እንግዶችን ተቀብዬ፣ ስለ አውደ ርዕዩ ጥቂት ብዬ በሩን እንድከፍት ነው። እከፍታለሁ። ግን ከብዙዎቻችሁ ጋር ረጅም ዓመት አብረን አሳልፈናል። አንዳንዶቻችሁን እዚሁ አስተምሬያችኋለሁ፤ ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል። ስለዚህ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ አይሆንልኝም።

ጉዳዬ አሳይመንት ነው።

ሁላችንም እናውቀዋለን። «ስለ አክሱም ሐውልቶች ጽፋችሁ አምጡ» ይባላል። ልጁ ስልኩን ያወጣል። መጀመሪያ ያገኘውን ገጽ ይገለብጣል። ይታተማል፣ ይጠረዛል፣ ባለቀለም ሽፋን ይለብሳል። መምህሩ ሽፋኑን ያያል፣ ገጹን ይቆጥራል፣ ከአሥር ዘጠኝ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ደስታ ነው። ልጁ ግን ሐውልቱን አላየውም። አክሱም ድረስ አልሄደም ማለቴ አይደለም። ፎቶው ሦስተኛው ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ እሱን እንኳን አላየውም። «ሐውልቱ ላይ ምን ተቀርጿል?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ይላል።

እኔ ይህን ዝምታ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እንዲያይ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ለዘጠነኛ ክፍሎች እንዲህ ያለ ሥራ ሰጠሁ። ከቤተ መጻሕፍት የሥዕል መጽሐፍ ያዙ። አንድ ሥዕል ምረጡ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ፣ አርባ ደቂቃ፣ እሱን ብቻ ተመልከቱ። ያያችሁትን ጻፉ። ስለ ሠዓሊው ማንበብ አይፈቀድም፤ ንባቡ በኋላ ይመጣል።

አንዲት ልጅ የስፔናዊውን ሠዓሊ የፓብሎ ፒካሶን «ጌርኒካ» መረጠች። ለምን እሱን እንደመረጠች ስጠይቃት «መጽሐፉን ስገልጠው እሱ ወጣ» አለችኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት መስመር ጻፈች። «ሥዕሉ ውስጥ ፈረስ አለ። በሬ አለ። የሚጮኹ ሰዎች አሉ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ጨርሻለሁ» አለች። «ገና ሠላሳ አምስት ደቂቃ አለሽ» አልኳት። ተናደደች። እጇን አጣጥፋ መስኮት መስኮት ታይ ጀመር።

ከዚያ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ተመልሳ ሥዕሉን አየች። ከላይ አምፖል አየች። ከግራ በኩል የሞተ ልጅ የታቀፈች እናት አየች። መሬት ላይ የወደቀውን ሰው እጅ አየች፤ የያዘው ሰይፍ ተሰብሯል፣ ከሰይፉ አጠገብ አንዲት ትንሽ አበባ አለች። ሁሉንም ጻፈች። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው መጽሐፉን ተሸክማ ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር፣ ፈረሱ ላይ ጽሑፍ አለ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊደል አይደለም። ትንንሽ ጭረቶች ናቸው። በመስመር በመስመር ተደርድረው የፈረሱን ገላ ሞልተውታል። ልክ ከሩቅ እንደሚታይ የጋዜጣ ዓምድ። ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ ለተማሪ አሳይቻለሁ! ጭረቶቹን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያሳየችኝም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት።

«ለምን?» አለችኝ። «አሁን ሂጂና አንብቢ» አልኳት።

እንዴት እንዳነበበች ብታዩ! ሰው የራሱን ጥያቄ ይዞ ሲያነብ ሌላ ሰው ይሆናል። ጌርኒካ በሰሜን ስፔን የምትገኝ ከተማ መሆኗን አገኘች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1937፣ ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ በአውሮፕላን ተደበደበች። ፒካሶ ያኔ ፓሪስ ነበር፤ ወሬውን ያወቀው ከጋዜጣ ነው። ሥዕሉ ደግሞ እንደ ጋዜጣ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። የፈረሱ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ።

እሷ ግን አላቆመችም። የሥዕሉ ቁመት ሦስት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ደግሞ ስምንት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው እንደሆነ አነበበች። ገመድ ይዛ መጥታ የክፍሉን ግድግዳ ለካችው። ግድግዳው አልበቃም። ገመዱ በሩን አልፎ ኮሪደር ላይ ወጣ። ጓደኞቿ ገመዱን ዳርና ዳር ይዘው ቆሙ፤ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ የደበደቡት እነማን ናቸው ብላ ጠየቀች። የጀርመን አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የጣሊያንም ነበሩበት። ጣሊያን የሚለውን ስታይ ቆም አለች። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችው። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ሆነ። በደብተሯ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጻፈችውን አሁንም አስታውሳለሁ። «የካቲት 12ም 1929 ነው።» ከሥሩ ቀኖቹን ቆጥራለች። 66 ቀን።

ስልሳ ስድስት ቀን! አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀን የሰው ደም ሲፈስ፣ ጌርኒካ ገና ሁለት ወር ከስድስት ቀን ይቀራት ነበር። የካቲት 12ን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ያውቃል። ሐውልቱን በታክሲ ያልፈዋል። ይህች ልጅ ግን በራሷ መንገድ ደረሰችበት። ከፈረስ ጀምራ፣ በስፔን ዞራ፣ ቤቷ ገባች።

ቀጠለች። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1937 የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም መወሰዱን አገኘች። ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ቦታው ላይ ቆመ። ይህን ማንም ከስልኩ ይገለብጠዋል። እሷ ግን መጀመሪያ ፎቶውን አርባ ደቂቃ አየችው። ከግርጌው በር እንዳለ አየች። የማይከፈት፣ ከድንጋይ የተቀረጸ በር።  ከበሩ በላይ መስኮት፣ ከመስኮቱ በላይ መስኮት፤ ልክ እንደ ፎቅ ቤት። «ቲቸር፣ ቤት ነው እንዴ የወሰዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ሥራዋ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። በእጅ የተጻፈ፣ እዚህም እዚያም የተሰረዘ፣ ፈረሱን ራሷ የሣለችበት።

አሁን ወደምናደድበት ነገር ልምጣ። በዓመቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀየረች። የት እንደሆነ አልናገርም፤ አንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ። እዚያም አሳይመንት ተሰጣት። በለመደችው መንገድ አይታ፣ ጠይቃ፣ አንብባ፣ በእጇ ጽፋ አቀረበች። በቀይ እስክሪብቶ «ታትሞ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰላት። ሦስት ማርክ ተቀነሰባት። ወረቀቱን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ ቀጥሎ ያለውን ከኢንተርኔት ነው የማወጣው» አለችኝና ሄደች።

ባልደረቦቼ፣ ይህ ስህተት ብቻ አይደለም፤ በደል ነው! ማየት የቻለች ልጅን እንዳታይ አስተማርናት። ንጹሕ ሽፋን እውቀት አይደለም! የገጽ ብዛት ትጋት አይደለም! ልጅ ያላየውን ነገር እንዳየ አድርጎ እንዲጽፍ ማድረግ ውሸት ማለማመድ ነው። እኛው አለማምደነው ስናበቃ፣ ፈተና ላይ ሲኮርጅ ስንይዘው ወላጅ አምጣ እንላለን!

የራሳችን አባቶች ይህን አያውቁም ነበር? የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ሁለት ቤት ትሁን እንጂ የራሱ መሆን አለባት። የሰው ቅኔ የእኔ ነው ብሎ ያቀረበ ተማሪ ክብር የለውም። ብራና በጣም ባማረ እጅ ጽፎ ቢያመጣም የለውም። ታዲያ ከእነሱ ሕፃን የሚጠየቀውን ያህል እኛ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንጠይቅም?

ወላጆችም ከዚህ አታመልጡም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጭ ብላችሁ የልጃችሁን አሳይመንት የምትሠሩ አላችሁ። አውቃለሁ፤ ከልጆቻችሁ እጅ ጽሑፍ ይልቅ የእናንተን ለምጄዋለሁ። ልጁ እንዳይወድቅ ፈርታችሁ ነው። ይገባኛል። ግን እባካችሁ ተዉት። ግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ የራሱን ግማሽ ገጽ።

መምህራን ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ አልረሳሁም። የዚያን ሁሉ ልጅ ወረቀት ማንበብ እሳት ነው። ለዚህም ነው አንድ ገጽ ይበቃል የምለው። ሃያ ገጽ አዘን ሽፋኑን ብቻ ከምናይ፣ አንድ ገጽ አዘን እስከ መጨረሻው እናንብብ።

የተማሪ ሥራ ተራ ነገር የሚመስለው ካለ ስለ ኦንፊም ልንገረው። በሩሲያ፣ በኖቭጎሮድ ከተማ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ልጅ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት እንደሚሆነው ይገመታል። በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ ፊደል ይለማመድ ነበር። ከፊደሉ ጋር ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ጠላቱን በጦር የሚወጋ ሰው ሣለ፤ ከጎኑም የራሱን ስም ጻፈ። ቅርፊቶቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከመሬት ሥር ወጡ። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ያጠኗቸዋል። የቤት ሥራው ነው እኮ! የምንወደው ፊደሉን ፊደል ገበታ ላይ ስላጣነው አይደለም። የምንወደው ያንን ፈረሰኛ ማንም ሳይነግረው ስለሣለው ነው።

የጥንት ሰዎች የሣሏቸውን የላስኮን ዋሻ ሥዕሎችም በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኙት ወጣቶች ናቸው። ለመምህራቸው ነገሩት። መምህሩም ወርዶ አየ። ወርዶ ባያይስ ኖሮ?

ስለ ጉዞ ብዙ ልል አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ አልቋል። ላሊበላ ወይም ጎንደር መሄድ የሚችል ይሂድ። የማይችል ደግሞ የሰፈሩን አሮጌ ቤት በር ይይ፤ ማን ሠራው፣ ለምን እንዲህ ሠራው ብሎ ይጠይቅ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ እናንተም አንድ ግጥም ጮክ ብሎ ማስነበብና «የትኛው ቃል ላይ ቆምክ?» ማለት ይበቃችኋል።

አሁን ወደ ሥራዎቹ እንግባ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ባለቤቷ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ ለአውደ ርዕዩ ስጠይቃት ጠብቃ ያቆየችውን ላከችልኝ። ወረቀቱ ስለሳሳ ገጹን ስትገልጡ ቀስ በሉ። ፈረሱ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው። ሌሎቹ ሥራዎች የዘንድሮ ናቸው፤ ልጆቹ ከጎናቸው ቆመዋል። «ስንት አገኘህ?» አትበሏቸው፤ ማርክ ገና አልተሰጠም። ምን እንዳዩ ጠይቋቸውና እስኪጨርሱ አዳምጧቸው።

ስድስተኛ ክፍሎች መግቢያው አጠገብ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁ ነው። ከእነሱ እንጀምር። አመሰግናለሁ።