ግሎሱን ውሃ አታስጠጉት

እንደምን ዋላችሁ፣ አከም ኦልተን። ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጅማ ነው እንግዲህ፣ ዝናብ ፈርቶ የሚቀር ሰው ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ አይሄድም።

ወላጆች ሆነን ስንሰባሰብ «ቤት ውስጥ ለልጆች ስለሚሠራው ሊፕ ግሎስ፣ ስለ ከንፈር ማሳመሪያው ቅባት፣ አንድ ነገር በይ» ስትሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። የፋርማሲ ሰው አይደለሁም። ቤቴ ሳሙናና ቅባት እየሠራሁ የምሸጥ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግሎስ ሠርቶ ያበላሸ ሰው ቢፈለግ እኔን የሚያህል አይገኝም፣ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ትልቋ ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ለጓደኞቿ ግሎስ ሠራሁ። የወይራ ዘይት፣ ሰም፣ ከሂርማታ ገበያ የገዛሁት ማር፣ ለሽታ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ። ሰባት ትንንሽ ብልቃጥ። ሪባን ሁሉ አስሬበታለሁ። በአሥረኛው ቀን አካባቢ አንዷ ጎረቤቴ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ መጣች፤ ምንም አላለችም፣ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው። ብርዝ ብርዝ ይሸታል። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፏል፣ ማሩ ከታች ተኝቷል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ድመት ጠጉር ያለ ግራጫ ሻጋታ። የቀሩትን ስድስት ብልቃጦች ከየቤቱ ለመልቀም ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

ጠጅ የጣለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ማር ብቻውን አይበላሽም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ተህዋስ አይራባበትም። ውሃ ሲጨመርበት ግን መፍላት ይጀምራል፣ ጠጁም የሚመጣው ከዚያው ነው። እኔ በሎሚው አሳብቤ ውሃ ጨመርኩበት፤ ለሰባት ሕፃናት የከንፈር ጠጅ ጣልኩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ያለው ሕግ አንድ ነው። ልጅ የምትቀባው ነገር ውስጥ ውሃ አይገባም። ጭማቂ ውሃ ነው። ወተት ውሃ ነው። እሬትም ውሃ ነው። ለጋ ቅቤ እንኳ ውስጡ ውሃና የወተት ርዝራዥ አለበት። ውሃ ያለበትን ቅባት ፋብሪካ ሲሠራ ማቆያ ኬሚካል በትክክል መዝኖ ይጨምራል፣ እኛ ኩሽና ውስጥ በማንኪያ ያንን ልናደርግ አንችልም። ቪዲዮ ላይ «ቫይታሚን ኢ ጠብ አድርጉበት፣ ይቆያል» የሚሉትን አትመኑ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይከረፋ ያግዛል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ግን አይከለክልም። ፍሪጅም ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም፣ መብራት ሲጠፋማ እሱም የለም።

ሰሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ሰም አይጠፋም። ከጠጅ ቤት የሚመጣው ሰፈፍ ርካሽ ነው፣ ግን ጠጁን እንደጠጣ ነው የሚመጣው። ውሃ ውስጥ አፍልታችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉትና ሳትነካኩት ይቀዝቅዝ። ሰሙ ከላይ እንደ ቂጣ ይረጋል። ገልብጡት፤ ከሥሩ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። በቢላ ፋቁት። አሁን ንጹሕ ይመስላል ግን ውስጡ ገና ውሃ አለው። በደረቅ ዕቃ፣ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ላይ አስቀምጣችሁ እንደገና አቅልጡት፣ ሲረጋ ሥሩን ደግማችሁ ፋቁ። እሳት ላይ በቀጥታ አትጣዱት፣ ይቀጣጠላል። ልጆቹንም ከዚያ አርቁ።

ከዚያ አንድ እጅ ሰም፣ ስድስት እጅ ያህል የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት። አለቀ። ብልቃጡን አሥር ደቂቃ ቀቅሉት፣ ግን ደርቆ ይለቅ፤ ጠብታ ከቀረበት ድካማችሁ ገደል ገባ። ግሎሱ ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፣ ክዳኑ ያልበዋል። ቀኑን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። እኔ ከሦስት ወር በላይ አላስቆየውም፤ ሽታው እንደ ከረመ ዘይት ከሆነ ደግሞ ሦስት ወሩንም አልጠብቅም።

ቀይ ቀለም የሚሉትን ነገር ልጆቹ አይተዉም፣ አውቃለሁ። ቀይ ሥር አትሞክሩ። ሰላጣ ላይ አይታችሁታል አይደል፣ ድንቹን ያቀላዋል፣ ዘይቱ ግን እንደነበረ ነው፤ ቀለሙ በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት ከበርበሬ ነው፣ የበርበሬ ቀለም ዘይት ይወዳል። (በርበሬ አድርጉ አላልኩም!) የወረቀት ሥራ ብልጭልጭም ከንፈር ላይ አይውልም፣ ልጅ ይልሰዋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀለም ደግሞ ሊድ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሊኖረው ይችላል፤ ለልጅ «ትንሽ ቢሆን ግድ የለም» የሚባል የሊድ መጠን የለም። ካምፎርና ጠንካራ የሚንት ዘይት ይቅር። ሎሚም ይቅር፤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል። እኔ ከረሜላ ከረሜላ የሚሸት ነገርም አልጨምርም፣ ልጅቷ ግሎስ መሆኑን ረስታ ትበላዋለች።

ጉሎ ደግሞ አለ። ምጣድ ስለምናስስበት የራሳችን ነው ብለን ፍሬውን ጨምቀን ግሎስ ውስጥ የምንጨምር አለን። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። የጉሎ ዘይት ካማራችሁ ተጣርቶ ታሽጎ የሚሸጠውን ከፋርማሲ ግዙ።

አዲስ የሠራችሁትን መጀመሪያ ክንዷ መታጠፊያ ላይ ቀቡና አንድ ቀን ጠብቁ። ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ ካለ ዘይቱን ልብ በሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር ከንፈሩ ላይ አይደረግም፤ በማር ውስጥ የሚኖር ተህዋስ አንጀቱ ውስጥ መርዝ ሊሠራ ይችላል። ታላቅ እህት ደግሞ መሳም ትወዳለች፣ አስቡት።

መዋዋሱ ነው የሚያስቸግረኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ብልቃጥ ላይ አምስት ጣት ይገባል። ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ምች የምንለው ውሃ የቋጠረ ቁስል ቫይረስ ነው፣ ይጋባል። ዳማ ከሴውን እሹት፣ እኔም አሻለሁ፤ ግሎሱን ግን ጣሉት። ለልጆቹ «አታውሱ» ማለት አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። የሠራልኝ ብልቃጡን ትንሽ ማድረግና የእያንዳንዷን ስም መጻፍ ነው፤ የስሟን ዕቃ ማንም አታስነካም።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ትናንት የሠራሁት አለ። ትንንሽ እንጨት አዘጋጅቻለሁ፤ አንድ ሰው አንድ እንጨት፣ አንዴ ከነከራችሁ ሁለተኛ አትመልሱ። ጃንጥላችሁን ደግሞ እባካችሁ ከጠረጴዛው ራቅ አድርጉልኝ።