የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የጆርጂያ የባርነት ዘመን

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ባርነት ከመጀመሪያው ነበረ?

መልስ፦ አይ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆኖ በ1733 ተቆረቆረ፣ ባርነት በ1735 ተከለከለ። ክልከላው በ1751 ተነሳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ተስፋፋ?

መልስ፦ መጀመሪያ በሩዝ፣ ኋላ በጥጥ። በ1793 በጆርጂያዋ ሳቫና ከተማ አጠገብ የጥጥ መፈልቀቂያ ማሽን ተሠራ። ፍሬውን መለየት ቀለለ። ለቀማው ግን በእጅ ስለነበር ብዙ ሰው ተፈለገ። በ1860 ቆጠራ 462,198 ሰዎች በባርነት ተይዘው ነበር። «ተይዘው» ያልኩትን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነው የምኖረው። ሐበሾች እርስ በርስ ስናወራ ጥቁር አሜሪካውያንን «ባሪያ» እንላለን። ልማድ ነው፤ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ። ሁሌም እናገራለሁ፣ ዛሬም እደግመዋለሁ። ባሪያ የሚባል ዘር የለም። ሰው ነው ሰውን ባሪያ ያደረገው። መጋቢት 1859 ሳቫና አጠገብ በአንድ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ 436 ሰዎች ለሁለት ቀን ጨረታ ቀረቡ። ሁለቱንም ቀን ዝናቡ ሲወርድ ነበር። የሽያጭ ዝርዝሩን እዩት፦ ጆርጅ፣ 27 ዓመት፣ ጥጥ ሠራተኛ። ሱ፣ 26፣ ሩዝ ሠራተኛ። ትንሹ ጆርጅ፣ 6። ሃሪ፣ 2። የሁለት ዓመት ሕፃን ዋጋ ወጣለት! እናንተ «ባሪያ» ስትሉ ሃሪን ነው የምትጠሩት። መኪና ውስጥ ስታወሩ ልጆቻችሁ ከኋላ ወንበር ይሰማሉ። ነገ ክፍል ውስጥ ከሃሪ ዘር የተወለደ ልጅ አጠገባቸው ሊቀመጥ ይችላል። እኛም አገር ይህ ቃል ያቆሰላቸው ወገኖች አሉ። እባካችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት።

ጥያቄ፦ ለምን አላመለጡም?

መልስ፦ አምልጠዋል እንጂ! በ1848 ኤለን ክራፍት ከባሏ ከዊሊያም ጋር ከጆርጂያዋ ሜከን ከተማ ወጣች። ቆዳዋ ነጣ ያለ ስለነበር እንደ ታማሚ ነጭ ጌታ ለበሰች፤ ባሏ አሽከሯ መሰለ። መጻፍ አትችልም። በጆርጂያ ሕግ በባርነት የተያዘን ሰው ማንበብና መጻፍ ማስተማር ክልክል ነበር። ሆቴል ፈርሚ እንዳትባል ቀኝ እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ባርነት ወደሌለባት ፊላዴልፊያ ለገና ደረሱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የቅድመ አያቶቹን ስም እንዴት እናገኛለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፃ የወጡትን በስም ከመዘገበው ከ1870 ቆጠራ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የ1850ና የ1860 የባርነት መዝገቦች ከባለቤት ነን ባዩ ስም በታች ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም እንጂ በአብዛኛው ስም አይጽፉም። ብቻችሁን አትድከሙ። ሞሮው ከተማ ወዳለው የጆርጂያ ቤተ መዛግብት ሂዱና የዘር ሐረግ ባለሙያ አማክሩ።