ከንጋት የሚቆጥር ሰዓት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ከአንድ ትኬት ልጀምር። እናቴ ለሕክምና ከዚህ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ «11፡00» ተብሎ ተጽፏል። ሌሊት 11 ሰዓት ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን እንዳለ በ11፡00 ሞላው። እኛን የቀሰቀሰን ግን በመስኮት የገባው ብርሃን ነው። አውቶቡሱ ሄዷል። ስልኩ የጮኸው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ቁጭ ባለችበት ነው። ቀጠሮዋ አለፈ። ስልኩ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፣ እኛ ከንጋት።

ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች ቀላል ነው ትላላችሁ። ስድስት ደምር፣ ለ12 አካፍል፣ ቀሪውን ውሰድ፣ ዜሮ ከሆነ 12 በል። ልክ ናችሁ፤ እንዲህ የሚሠሩ መተግበሪያዎችም አሉ። እኔን የሚቆጨኝ እዚያ ላይ መቆማችን ነው። ስክሪን ጥርሳም ጎማ የለውም፣ መርፌም አያስፈልገውም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ የግድግዳ ሰዓት ይመስላል?

የኔዘርላንዱ ዲዛይነር ማርተን ባስ በፈረንጆቹ 2009 ሁለት ጠራጊዎች የቆሻሻ ክምር በመጥረጊያ ሲገፉ 12 ሰዓት ሙሉ ከላይ ቀረጸ። ሁለቱ ክምሮች የሰዓቱ መርፌዎች ናቸው። ይህን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። እኛስ ምን አለን?

አብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ከባሕረ ሐሳብ ታውቁታላችሁ። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው። 1 ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ የኬክሮስ ስልሳኛ እጅ የሆነው 1 ካልዒት ደግሞ 24 ሰከንድ ይሆናል። ይህን ኬሲ ሪስ እና ቤን ፍራይ በ2001 በጀመሩት፣ በነጻ በሚገኘው ፕሮሰሲንግ በተባለ የፕሮግራም መጻፊያ ሞከርኩት። ከ፩ እስከ ፷ በግዕዝ አኃዝ። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ንጋት ላይ ምን ይታይ? ብዙ አሰብኩበት። ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ኬክሮስ ውስጥ ገብተናል ብዬ በ፩ ጀመርኩ። 6 ሰዓት ሲሞላ ፲፭ አልቆ ፲፮ ይገባል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ቀኑ አይቸኩልም።

ከሁሉ የምወደው ግን የጥላውን ሰዓት ነው። አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጾም መፍቻ ሰዓት ያውቁ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው አቆምኩና ጥላው በደብረ ማርቆስ ፀሐይ እንዲያጥር፣ እንዲረዝም አደረግሁ። ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። የምንጠቀምበት ሰዓት የተቀመረው ከኛ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ነውና። በታኅሣሥ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ ግን ፕሮግራሙ ወደ ደቡብ ገለበጠው። ተሳስቻለሁ ብዬ ደመናው ገለጥ ሲል ግቢያችን ውስጥ አንድ ሜትር ዱላ ተከልኩ። አንድ ስንዝር የምታህል ጥላ፣ ወደ ደቡብ! በሰኔ ፀሐይ በሰሜናችን በኩል እንደምታልፍ ያየሁት ያኔ ነው።

ለእናቴ የምሠራው የስልክ ማንቂያ ገና አላለቀም። ቁጥር ብቻ ሳይሆን «ዶሮ ሲጮህ»፣ «ጎህ ሲቀድ»፣ «ጀምበር ስታዘቀዝቅ» ብላ ልትሞላው የምትችል እንዲሆን ነው የምፈልገው። ጎህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ላይ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ። ኮዱን በፍላሽ ይዣለሁ። ላፕቶፕ የያዛችሁ አሁኑኑ ኑና ቅዱት።

አመሰግናለሁ።